ሞንታርቦውን ልጄ ይዛው ነበር

ሕልም እልም ይበልና፣ ትናንት ሌሊት ያየሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ግን ሥራዬን እወቁልኝ። ሞንታርቦ በተጫነበት መኪና ከተማውን እየዞርኩ እለፍፋለሁ። ሰሞኑን የምለፍፈው በየትምህርት ቤቱ ስለሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት ነው። «ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን አስከትቡ!» ስል ውዬ ጉሮሮዬ ይደርቃል። የራሴ ልጅ ብሩክታዊት ግን፣ አንደኛ ክፍል የገባችው፣ አንድም ቀን አልተከተበችም። ባለቤቴ ወይንሸት «ጤነኛ ልጅ አላስወጋም» አለች፤ እኔም ለቤቴ ሰላም ብዬ ተውኩት። አገር የሚሰማው አፌ ጓዳ ሲገባ ድምፅ የለውም።

በሕልሜ ሞንታርቦውን የያዘችው ብሩክታዊት ናት። «ልጆች ሆይ፣ አባቶቻችሁን አስከትቡ!» ትላለች። ትምህርት ቤቱ ግቢ ስደርስ ጺማም አባቶች የተማሪ ዩኒፎርም ለብሰው ተሰልፈዋል። ጋዋን የለበሱ ሕፃናት መርፌ ይዘው ይጠብቋቸዋል። ደወሉን የምትደውለው ፍየል ናት። አንድ ቦርጫም ሹም በእጅጌው ንፍጡን እየጠረገ ሲነፋረቅ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ከረሜላ ሰጥታ አባበለችው። እኔን ምንም አልገረመኝም።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ኩፍኝ ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ፊቱ ሽፍ ብሎ፣ በዳይሬክተሩ ወንበር ተቀምጧል። ዳይሬክተሩ ቆሞ ሻይ ይቀዳለታል። ኩፍኝ ሲያየኝ ብድግ አለ።

«አቶ ተካልኝ! እግዜር ይስጥልኝ።»

«ለምኑ?»

«ለማደሪያው ነዋ! የእርስዎን ልፈፋ ሰምቶ ከተማው በሩን ዘጋብኝ። አልቀየምኩም፣ እንጀራዎ ነው። ለራስዎ ቤት ግን አልነገሩም አሉ።»

«ኧረ እኔ ማንንም አልጋበዝኩም!»

«ይሉኝታ አያብዙ። የምተኛው ከልጅቷ ጋር ነው አይደል?»

በጣም ፈራሁ። ኮሌታውን ጨምድጄ ላስወጣው ስል ቢሮው ሜዳ ሆነና ተራዬ ደረሰ። ብሩክታዊት መርፌዋን ይዛ ፊቴ ቆማለች።

«እጅጌህን ሰብስብ፣ አባዬ። እንደ ጉንዳን ቆንጠጥ ነው የምታደርግህ።»

«ቆይ፣ እናትሽን ላማክር።»

«እሷማ ያቻት፣ አጥር ላይ!»

ዞር ስል ወይንሸት አንድ እግሯን አሻግራ፣ ነጠላዋን ሽቦ ይዞባት «ዝለል እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!» ትለኛለች። ሮጥኩ። ብሩክታዊት ሱሪዬን ያዘች።

«አባዬ፣ እኔንስ?»

ሱሪዬ እጇ ላይ ተቀደደ። ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ሳይ ኩፍኝ እጇን ይዟል። «ይሂዱ፣ ይሂዱ» አለኝ፣ «እኔ አለሁላት።»

በላብ ተጠምቄ ነቃሁ። ነግቷል፤ ቤቱ ግን ጨልሟል። ወይንሸት መስኮቱ ላይ ጋቢ ትሰቅላለች። ብሩክታዊት ዓይኗ ደም መስሎ፣ ፊቷ ሽፍ ብሎ፣ በትኩሳት ትነድዳለች።

«ምን ሆነች?»

«ኩፍኝ ወጣባት። እሰይ፣ እንኳን አላስወጋናት! ኩፍኝ መርፌ አይወድም።»

«ጤና ጣቢያ እንውሰዳት፣ ወይንሸት።»

«ቀስ በል እንጂ! ኩፍኙ እንዳይሰማህ።»

አፈርኩ። ከደጅ የሞንታርቦው መኪና ሾፌር ጡሩምባውን ደጋግሞ ይነፋል። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ወደ ሥራዬ ወጣሁ።