የእሸት ተስፋ

በእኛ በፈረንሳይ በቡርጎኝ ገጠር የሰው ልጅ ያለ ወቅቱ የበቀለ ነገር በልቶ እንዳይዋረድ ጌታዬ ሙሴ ጎንትራን ሌት ተቀን ይጨነቃሉ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤትም ዋና ምግብ አብሳይም እሳቸው ናቸው፤ እኔ አስተናጋጅ ነኝ። ዘንድሮ ከወቅቱ ጋር ተስማምቶ ስለ መብላት የሚያትት ባለ ሦስት ገጽ የምግብ ዝርዝር አሳተሙ። አውራው ምግብ የአተር እሸት ነበር።

ይህን ለአተሩ የነገረው የለም። በግንቦት መግቢያ የውርጭ ቅዱሳን የምንላቸው ሦስት በዓላት አሉ፤ እነሱ ሳያልፉ ገበሬ ካፖርቱን አያወልቅም። ዘንድሮም እንደ ልማዳቸው ውርጭ ይዘው መጡና የፉልቤር አተር ባለበት ቀረ። ፉልቤር አትክልተኛችን ነው፤ የዓመት ቀለቡ የሚወጣው እኛ ከምንገዛው እሸት ነው።

“ገና ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፣ ሙሴ” አላቸው ባርኔጣውን አውልቆ።

“ዝርዝሩ ታትሟል እኮ።”

“አተሩ ማንበብ አይችልም።”

“ከከተማ እናስመጣ” አሉ ባለቤታቸው ማዳም ኦርታንስ።

“ከከተማ? ከተማ ምን ወቅት አለው?”

በመሆኑም የወቅቱን ክብር ለማስጠበቅ ሲባል ባዶ ሳህን እንዲቀርብ ተወሰነ። ሞቅ የተደረገ ነጭ ሳህን ነው፤ ጫፉ ላይ አንዲት የአተር ቅጠል አለች። ስሙ “የእሸት ተስፋ” ተባለ። መጀመሪያ የቀረበላቸው ከሊዮን የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየዋ አሽትተው ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

“ጨው አላነሰውም?” አሉ ባልየው።

“ዝም ብለህ ብላ።”

በሳምንቱ እንግዳ ጎርፎ ወንበር ጠፋ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኛ ብንቸኩልም የሚፈስ አልነበረንም።

በሦስተኛው ሳምንት ፉልቤር ሁለት ቅርጫት እሸት ተሸክሞ በጓሮ በር ገባ።

“ደረሰ፣ ሙሴ። ይቅመሱት።”

ሙሴ ጎንትራን አንዱን ፈልፍለው ቀመሱ። “ግሩም ነው” አሉ። “ግን አይሆንም። እንግዳው ተስፋውን ለምዷል፤ አሁን አተር ከገባበት ስምምነቱ ይበላሻል።”

“ታዲያ እኔ ዓመቱን ምን ልብላ?”

ጌታዬ ደግ ሰው ናቸውና ከእንግዶቹ መሃል ተቀምጦ በነጻ ምሳ እንዲበላ አዘዙለት። ሳህኑን ሳቀርብለት አፈርኩ። ፉልቤር ቅጠሏን አንስቶ ጎን አደረጋትና ቀሪውን ረጋ ብሎ አየው።

“ይሄንንማ አውቀዋለሁ” አለኝ። “ልጆቼን ያሳደግኳቸው በዚሁ ነው። ስም እንዳለው ግን አላውቅም ነበር።”