አርአያ የሆኑት አሥራ ሰባት ኪሎዎች

ታላላቅ መሥሪያ ቤቶች በሁለት ነገር ይታወቃሉ ይባላል፤ በሚሠሩት ሥራና በሚያካሂዱት ንቅናቄ። ይህ የምንተርክለት መሥሪያ ቤት ሥራውን በልበ ሰፊነት ለሌሎች ትቶ በንቅናቄ ብቻ ለመታወቅ የቆረጠ ነበር። የሰዓት አክባሪነት ንቅናቄው ሁለት ወር ዘግይቶ ተጀመረ። ለወረቀት ቁጠባ ንቅናቄው ስድሳ ገጽ መመሪያ ወጥቶ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በሁለት በሁለት ቅጂ ታደለ። ከሁሉም የላቀው ግን የክብደት ቅነሳ ንቅናቄው ነው፤ እሱን ሳናወሳ ብናልፍ ይታዘቡናል፣ ምክንያቱም አንድ ሰው ሊሞትበት ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በሊፍት ነው። የሊፍቱ በር ላይ «ለስምንት ሰው» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። አንድ ሰኞ ጠዋት ዋና ሥራ አስኪያጁ ከአምስት ኃላፊዎች ጋር ሲገቡበት ሊፍቱ ጮኸ፣ ወይ ፍንክች አለ። አንድ ሰው ቢወርድ ኖሮ ይሄድ ነበር። ነገር ግን ከስድስት ኃላፊዎች መካከል ወራጁ ማን እንደሚሆን የሚደነግግ መመሪያ ስላልነበረ፣ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ሃያ ደቂቃ ቆሙ። አንዱ ጥገና ይጠራ ሲል ዋና ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን አነሡ፤ አርቀው የሚያዩ ሰው ናቸው።

«ሊፍቱ ምንም አልሆነም» አሉ። «የተበላሸነው እኛ ነን። መጠገን ያለብን እኛው ነን።»

በዚያው ሳምንት ኮሚቴ ተዋቀረ። ኮሚቴውም እንደ ማንኛውም ጤነኛ ኮሚቴ ለሁለት ተከፈለ። የሰው ሀብት ኃላፊዋ «ሰውነት የሚገዛው በሥርዓት ነው» ብለው የአሥራ ሁለት ሳምንት የአመጋገብ ፕሮግራም አመጡ። ፕሮግራሙ በየፎቁ ተለጠፈ፤ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ግማሽ ካሮት፣ ስድስት ሰዓት ላይ የተቀቀለ ጎመንና አንድ እንቁላል፣ አፍ የገባው ሁሉ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ይታኘካል። የዕቅድ ክፍል ኃላፊው ደግሞ ሳቁ። «ሳይንስ መርፌ ሠርቶ ሲያበቃ እኛ እንደ ፍየል ካሮት ልንቆረጥም?» አሉና፣ በሳምንት አንዴ የሚወጋ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሸጥ የውፍረት መርፌ እንዳለ አበሠሩ።

ሠራተኛው እኩል በእኩል ለሁለት ጎራ ተከፈለ። የመርፌው ጎራና የፕሮግራሙ ጎራ ስላልተዋደዱ በሊፍት አብረው መሄድ አቆሙ፤ በዚህም ምክንያት የሊፍቱ ችግር በመጀመሪያው ሳምንት ተፈታ። ንቅናቄው ግን በዚህች ትንሽ ነገር የሚቆም አልነበረም።

የመሥሪያ ቤቱ ክሊኒክ ሐኪም በአንድ ጠዋት አርባ አንድ ማዘዣ ጻፉ። ከአርባ አንዱ አንዱንም ቀና ብለው አላዩም፤ ቢያዩ ኖሮ ሦስቱ ከስተው አጥንታቸው የወጣ መሆናቸውን በደረሱበት ነበር።

አሁን ወደ መዝገብ ያዡ እንውረድ፤ መውረድ ነው በእርግጥም፣ መዝገብ ቤቱ ያለው ምድር ቤት ነውና። መዝገብ ያዡ ኃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሠላሳውን ዓመት ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ ኖሯል። ሁሉም ጋሼ ስለሚለው እውነተኛ ስሙ የሚገኘው በራሱ ፋይል ላይ ብቻ ነው። ስኳር አለበት። ከሦስት ዓመት ወዲህ እሑድ እሑድ ሐኪሙ ያዘዘለትን መርፌ ሆዱ ላይ እየተወጋ፣ ስኳሩን በልኩ ይዞ፣ በሰላም ይኖር ነበር። ኃላፊዎቹ ለውፍረት ያሰቡት መርፌ ያው እሱ የሚወጋው ነው።

የመጨረሻዋን በተወጋ ማግስት ፋርማሲ ሄደ።

«አልቋል ጋሼ» አለችው ፋርማሲስቷ።

«ለእኔ ታስቀሪልኝ አልነበር እንዴ ልጄ?»

«ምን ላድርግ፣ አንድ ሹፌር ካርቶን ይዞ መጥቶ ጠራርጎ ወሰደው። ሌሎቹም ፋርማሲዎች ጋ ሄዷል አሉ። ማዘዣው ደግሞ እንከን የለውም፣ ማኅተም ሳይቀር አለው።»

ማኅተሙን አሳየችው። መዝገብ ያዡ አወቀው። ባለፈው ሐሙስ አርባ አንድ ጊዜ የመታው ራሱ ነበር።

«መቼ ይመጣል?»

«ሦስት ወር ይሉናል።»

ቢሮ ሲመለስ ካርቶኑ ቀድሞት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። መርፌው ቀዝቃዛ ቦታና ታማኝ ሰው ይፈልጋልና፣ ኮሚቴው ሁለቱንም መዝገብ ቤት አግኝቶ ፍሪጅ አስገባለት። እንግዲህ ሰውየው መድኃኒቱን በፊርማ ይረከባል፣ በፊርማ ያስረክባል፣ ለራሱ ግን አንዲት ጠብታ የለውም። በዚያ ላይ የፖስታ ጥቅል የሚመዘንበት ትልቁ ሚዛን እሱ ክፍል ስለነበር ዓርብ ዓርብ ሠራተኛውን ሁሉ እየመዘነ እንዲመዘግብ ታዘዘ። ራሱንም ጭምር።

ወደ ክሊኒኩ ወጣ። ሐኪሙ አዘኑለት። «ሌላ መድኃኒት እጽፍልዎ ነበር፣ ግን ማዘዣ ወረቀቱን ንቅናቄው ጨረሰው። ማሳተሚያ ጠይቀን የወረቀት ቁጠባው አግዶታል» አሉት። እንደምንም አራት ሳምንት ቆይቶ ወደ ዕቅድ ክፍል ኃላፊው ዘንድ ሄደ። ርክክቡን የሚይዘው እሱ ነውና፣ የመርፌው ጎራ መሪ በአራት ሳምንት ውስጥ አንዲትም መርፌ ወስደው እንደማያውቁ ያውቃል።

«አራቱም መርፌዎችዎ እንደታሸጉ ናቸው» አላቸው።

ኃላፊው በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት። «ቀስ ብለው ያውሩ ጋሼ። መርፌ እፈራለሁ። ከልጅነቴ ነው።»

«እንግዲያው አንዷን ለእኔ ቢሰጡኝ። ስኳር አለብኝ። ለእኔ የሕይወት ጉዳይ ነው።»

«እሷማ ዕቅዴ ውስጥ ገብታለች። አራት ይዣለሁ ብዬ ሪፖርት አድርጌ አራት ካልተገኘ ምን እባላለሁ? ደግሞ እዚያ መኖሯን ሳውቅ ራሱ ምግብ ይዘጋኛል።»

ይህን የተናገሩት ሁለተኛውን ኬክ እያጋመሱ ነው።

ሳምንታት አለፉ። መዝገብ ያዡን ውሃ ጥም ያዘው፤ ጆግ ሙሉ ይጠጣል፣ ይቃጠላል፣ ደግሞ ይጠጣል። የምድር ቤቱ ሽንት ቤት የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ ከሆነ ስድስት ዓመቱ ስለሆነ በየሃያ ደቂቃው ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ይሮጣል። ይርበዋል፤ አንድ ዳቦ ሙሉውን ገምጦ ጠረጴዛው ላይ ፍርፋሪ ይፈልጋል። እንዲያም ሆኖ ይከሳል። ሰባ ዘጠኝ ኪሎ የነበረው ሰውዬ ሰባ አራት ገባ፣ ከዚያ ስድሳ ዘጠኝ። ዓርብ ዓርብ ሚዛኑ ላይ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መነጽሩን አስተካክሎ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ቁጥሩ ሲደበዝዝበት ጥፋቱን በመነጽሩ ያሳብባል።

መሥሪያ ቤቱ ግን ዓይኑን ማመን አቃተው። ሌላው ሁሉ አንድ ኪሎ ቀንሶ ሁለት ሲጨምር፣ ሠላሳ ዓመት ማንም ልብ ያላለው ሰው ሰንጠረዡን ይመራ ጀመር። ኃላፊዎች ምድር ቤት እየወረዱ እጁን ጨበጡት። ዋና ሥራ አስኪያጁም ለአሸናፊው ፍሪጁ ውስጥ ካለው ክምችት የስድስት ወር መርፌ እንደሚሰጥ በማስታወቂያ አስነገሩ።

ማስታወቂያውን የለጠፈው ራሱ መዝገብ ያዡ ነው። ለጥፎ ሲያበቃ እግሩ ከዳውና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከደስታ ነው ብሎ አሰበ።

«ሆስፒታል እንሂድ» አለችው ባለቤቱ በዚያ ምሽት። ሱሪውን በሁለት እጇ ይዛ ለሦስተኛ ጊዜ ልታጠብበው እያየች ነበር።

«ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው። ካሸነፍኩ መርፌው የእኔ ነው።»

«መርፌው እንደሆነ በእጅህ አለ። ፍሪጁን ክፈትና አንዷን አንሣ።»

«በእጄ ያለው የሰው ነው።»

«አንተስ ሰው አይደለህም?»

«ሠላሳ ዓመት አንድ ወረቀት አልጎደለብኝም እኮ።»

«ወረቀቱማ አልጎደለም። የምትጎድለው አንተ ነህ» አለችና ሱሪውን ጥላ ወጥ ቤት ገባች። ስታለቅስ እንዳይሰማት ቧንቧውን ከፈተችው። እሱ ግን ሰማት። ቢሆንም ሰኞ ጠዋት ቢሮው ገባ፤ ለመዳን ማሸነፍ ነበረበት፣ ለማሸነፍ ደግሞ መታመም። እንዲህ ያለውን መንገድ መሥሪያ ቤት ካልሆነ ማን ይቀይሰዋል።

አሥራ ሁለተኛው ዓርብ ደረሰ። መዝገብ ያዡ ስድሳ ሁለት ኪሎ ሆኖ አምስተኛው ፎቅ አዳራሽ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። አንድ ትንሽ ችግር ግን ነበር። የሪፖርቱ ቅጽ «በመርፌ የቀነሰ» እና «በፕሮግራም የቀነሰ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ብቻ ስላሉት አሥራ ሰባቱ ኪሎ የሚጻፍበት ቦታ አልታወቀም።

የሰው ሀብት ኃላፊዋ ተነሡ። «ጋሼ የፕሮግራማችን ፍሬ ናቸው። በቀን ሦስት ሊትር ውሃ እንላለን፣ እሳቸው ስድስት ይጠጣሉ። እንቅስቃሴ እንላለን፣ በቀን ሃያ ጊዜ ሁለተኛ ፎቅ ሲሮጡ ሁላችንም አይተናል። ወጣቶች እንኳ እንዲህ አልሮጡም።»

የዕቅድ ክፍል ኃላፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰውየው በምሳ ሰዓት አንድ ሙሉ ዳቦ ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ። ዳቦ እየበላ የሚከሳ ሰው ካለ የመርፌ ነው። ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከመርፌው ጋር ነው የሚውለው።»

«እኔ አሞኝ ነው» አለ መዝገብ ያዡ።

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። «ትሕትናውን ተመልከቱ» አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ። ከዚያም በሰሎሞናዊ ጥበብ ስምንት ተኩሉ ኪሎ በመርፌ፣ ስምንት ተኩሉ በፕሮግራም እንዲመዘገብ ወሰኑ። ሁለቱም ጎራ ረካ። ሽልማቱ በሰማያዊ ሪባን ታስሮ መድረክ ላይ ወጣ፤ ስድስት ፓኮ። መዝገብ ያዡ ከመድረኩ ሦስት እርምጃ ሲቀረው የዕቅድ ክፍል ኃላፊው እጃቸውን አወጡ።

«የአሠራር ጥያቄ አለኝ። ይህ የሚያከሳ መድኃኒት ነው። አሸናፊው ደግሞ ከስቷል። ለከሳ ሰው ማክሻ መስጠት ሀብት ማባከን አይሆንም ወይ?»

 ነጥቡ ጠንካራ ነበር።

«እርዳታ መሄድ ያለበት ለባሰበት ነው» አሉ የሰው ሀብት ኃላፊዋ፤ ሁለቱ ጎራዎች በአሥራ ሁለት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት እዚህ ላይ ነው። የባሰበትን ለመለየት መዝገቡ ተገለጠ። አራት ኪሎ የጨመሩት ዋና ሥራ አስኪያጁ ሆነው ተገኙ፤ በመዝገቡ ላይ ግን ለክብራቸው ሲባል «አሉታዊ ቅናሽ» ተብሏል። እሳቸውም ኃላፊነቱን በከባድ ልብ ተቀበሉ። ለመዝገብ ያዡ በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀት ተሰጠው፣ ስድስቱን ፓኮ ለሹፌራቸው በፊርማ እንዲያስረክብም ታዘዘ።

ፈረመ። ቀኑንም ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዘ ወደቀ።

አምቡላንስ መጣ። ቃሬዛው ሊፍቱ ውስጥ አልገባ ስላለ ሁለት የአምቡላንስ ሠራተኞች ተሸክመው በደረጃ አወረዱት። አንዱ «እንዴት ነው እንዲህ የቀለለው?» አለ። ይህ አስተያየት በንቅናቄው ማጠቃለያ ሪፖርት ላይ «የውጭ ባለድርሻ አካላት ምስክርነት» በሚል ርእስ ተካቷል።

ሆስፒታሉ የቱ ዓምድ ውስጥ እንደሆነ ሳይጠይቀው ኢንሱሊን ጀመረለት። ሁለት ሌሊት ባለቤቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አደረች። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገልጦ «ሚዛኑን ማን ያዘው?» ሲላት፣ መትረፉን አወቀችና በጥፊ ልትለው ፈልጋ ግንባሩን ሳመችው።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ፊቱ ሞልቶ፣ ሱሪው ልኩ ሆኖ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዓርብ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ ሰባ አንድ። ሰኞ ደብዳቤ ደረሰው። ለራሱ የመጣ ቢሆንም እንደ ደንቡ ቁጥር ሰጥቶ፣ መዝግቦ፣ ማታ ቤቱ ይዞት ገባ። ባለቤቱ ጮክ ብላ አነበበችው።

«የመሥሪያ ቤቱ አርአያ ሆነው ከተመረጡ በኋላ ኮሚቴውን ሳያስፈቅዱ፣ በሕክምና ተደግፈው፣ ዘጠኝ ኪሎ በመጨመር የንቅናቄውን ውጤት ወደ ኋላ የጎተቱ ስለሆነ፣ የተሰጠዎትን የምስክር ወረቀት እንዲመልሱና ይህ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መሆኑን እንዲያውቁ እናሳስባለን።»

ወረቀቱን አጠፈችው። 

«ምን ብለህ ልትመልስላቸው ነው?»

መዝገብ ያዡ ኢንሱሊኑን ተወግቶ ሸሚዙን እያወረደ ነበር።

«ይቅርታ እጠይቃለሁ እንጂ» አላት። «መዳን ሁለተኛ አይለምደኝም እላቸዋለሁ።»