ቁርሴን ለዶሮ

መንዝ ውስጥ ያላበው ሰው ካያችሁ ጠርጥሩ። እኛ አገር ባና ተከናንቦም ይበርዳል። ያላበው ሰው ወይ ዋሽቷል፣ ወይ ታሟል። እኔ ሁለቱንም ነበርኩ።

ስኳር አለብህ ከተባልኩ ዓመት አልፎኛል። ኪኒኑን የሰጠችኝ ነርስ፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር ዋጠው፣ በባዶ ሆድ ከሆነ ስኳርህ ከልክ በላይ ወርዶ ይጥልሃል፣ ሊገድልህም ይችላል ብላ አስጠንቅቃኛለች። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

የንስሐ አባቴ የታመመ ይብላ ብለው ፈቅደውልኛል። የጨነቀኝ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ናቸው። ከንፈር አይተው ማን ጾም እንደገደፈ ያውቃሉ ይባላል። እህል ቀምሼ እሳቸው ፊት ልቁም? ሞትም አለ፣ እሳቸውም አሉ። ከሁለቱ የትኛውን አብልጬ እንደምፈራ እንጃ።

ታዲያ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት በሶ ትጨብጥልኛለች፤ እኔ ከጓሮ ወጥቼ ለዶሮዎቹ እበትነዋለሁ። ኪኒኑን ግን እውጣለሁ፤ መድኃኒት ይዘለላል እንዴ? ዶሮዎቹ ወፈሩ።

አንድ ረቡዕ ቅዳሴ ላይ ጉልበቴ ተብረከረከ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላቤ በጀርባዬ ወረደ፣ ዓይኔ ጨለመ። ልጆቼ ትዝ አሉኝ። ፈራሁ፣ ከልቤ ፈራሁ። እንደ ምንም ወጥቼ ከጥድ ሥር ተቀመጥኩ። ቀና ስል ማን ቆሟል? የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ። እትዬ አስካለ!

የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈትተው ከረሜላ አወጡና አፌ ውስጥ ከተቱት።

«ቶሎ ምጠጠው» አሉኝ። «ኪኒኑን በባዶ ሆድህ ውጠህ ነው አይደል?»

እንዴት አወቁ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔም እውጣለሁ። ግን ቁርሴን በልቼ ነው።»

ስኳር ከያዛቸው ሦስት ዓመታቸው ነው ለካ። እሳቸውም ከንስሐ አባታቸው ተፈቅዶላቸዋል፤ ግን በር ዘግተው ነው የሚበሉት። ማንን ፈርተው ብላቸው የነጠላቸውን ጫፍ መልሰው ቋጠሩ።

«አንተን ነዋ» አሉ ኋላ። «ወሬ አትቋጥርም ሲሉህ እሰማለሁ።»

ይኸው አሁን በሶዬን ራሴ እበላለሁ፤ ዶሮዎቹ ከስተዋል። የሰው ስም ማጥፋት ግን አያስቆጭም? እኔ ወሬ አልቋጥርም? የእትዬ አስካለን ምስጢር እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለእናንተ ካልሆነ።