ለነፋስ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ ሲመጣ የሚጠየቀው ስለ ልጁ ነው። የማን ልጅ ነው? ምን ይሠራል? አመል አለበት ወይ? ሽማግሌውም ግማሹን አውቆ፣ ግማሹን ገምቶ ይመልሳል። አሜሪካ መጥተን «ወረቀት አለው ወይ?» የምትለዋን ጨመርንባት እንጂ ወጉን አልነካነውም። ስለ ነፋስ የተጠየቀ ሽማግሌ ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ጠያቂዋም እኔው ነበርኩ።

የእህቴን የከዲጃን ልጅ ዘሃራን ሊጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች ከሲልቨር ስፕሪንግ እኛ እስከምንኖርበት አሌክሳንድሪያ ድረስ መጡ። ዘሃራ ነርስ ናት፤ አንዴ አግብታ ፈታለች። ልጁ የደሴ ልጅ፣ መካኒክ፣ ጨዋ ነው ይባላል። ነውሩ አድራሻው ነው። የሚኖረው አላስካ ጫፍ፣ መሬት እንደ አፍንጫ ሾሎ በረዷማው ባሕር ውስጥ የገባበት ቦታ ነው። ዘሃራ ወዳዋለች፤ ግን እናቷ ካልመረቀቻት አትሄድም። እናቷ ደግሞ ቦታውን ስትሰማ አልጋ ላይ ወደቀች።

«አንቺ ታነቢያለሽ፤ በጥያቄ አባሪልኝ» አለችኝ።

አነባለሁ። በሰው አገር ሳረጅ ያልከዳኝ መጽሐፍ ብቻ ነው። ስለዚያ አፍንጫ የተጻፈውን ከቤተ መጻሕፍት ለቃቅሜ ጠበቅኳቸው።

«ሐጅ፣ እዚያ ፀሐይ ትወጣለች?» አልኳቸው ዋናውን ሽማግሌ ሐጅ ይማምን። ጡረታ የወጡ ባለታክሲ ናቸው፤ ድርድር ያውቁበታል።

«እንዴታ!»

«በታኅሣሥስ?»

«በታኅሣሥ... ትንሽ ታርፋለች። ከኅዳር እስከ ጥር።»

«ነፋሱስ?»

«ቁጡ ነው፤ ቂም ግን አያውቅም።»

«በረዶውስ?»

«ኧረ ብዙም አይጥልም! አየሩ ደረቅ ነው።»

አልዋሹም። በረሃ ነው ማለት ይቻላል። ያልነገሩን፣ አንዴ የወረደው በረዶ እንደ አንዳንድ እንግዳ ቶሎ እንደማይሄድ ነው።

«ሐምሌስ?»

«ጭጋግ ይበዛል። ፀሐይዋ ግን ጨርሶ አትጠልቅም።»

ይኼኔ ከዲጃ ተነሣች። «አትጠልቅም? ታዲያ ረመዳን ሐምሌ ላይ ሲውል በምን ያፈጥራል?»

«እናቱ ደሴ ላይ ስታፈጥር ትደውልለታለች። ያኔ ያፈጥራል።»

የእህቴ ዓይን እንባ አቀረረ። እኔ ሰዓቱን አሰላሁ። ደሴ ሲመሽ አላስካ ጠዋት ነው።

«ተኝቶ ነዋ የሚጾመው!»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሐጅ ግን ንቅንቅ አላሉም። «የሌሊት ተረኛ ነው፣ እትዬ ሰዓዳ።»

እህቴ ስትላላ አየሁና የመጨረሻውን ድንጋይ ወረወርኩ። «እዚያ ስንት አበሻ አለ?»

ሐጅ አንገታቸውን ደፉ። «እሱ ብቻ።»

አለቀ ብዬ ሻዬን አነሣሁ። ከዲጃ ግን ቀና አለች።

«እና ለምን ፈታች የሚል የለም? ሰርግ ቤት ስትገባ የሚጠቃቀስ የለም?»

«ማን ይጠቃቀሳል? ያለው ድብ ነው።»

«ሰጥቻለሁ» አለች እህቴ። ከጓዳ የዘሃራ እልልታ ተሰማ፤ ሙሽራ ለራሷ እልል ስትል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ሐጅ ይማም ጫማቸውን ሲያጠልቁ ወደ እኔ ዞሩ። «እትዬ ሰዓዳ፣ እርስዎም ከሰው አይስማሙም ይባላል። ወደዚያው ይዞዎት የሚሄድ አንድ ሽማግሌ ባል ላፈላልግልዎ?»

ይቅርብኝ አልኳቸው። ዘሃራ ስትሄድ ሁለት አበሻ ይሆናሉ። እኔና ሽማግሌው ከተጨመርን ማኅበር እናቋቁማለን፤ ማኅበሩም ዓመት ሳይሞላው ለሁለት ይከፈላል። ለምን አየሩን አበላሽባቸዋለሁ?