ለመተማ የተለካ ሶላር

«ችግር የለውም» የሚል ባለሙያ ገጥሟችሁ ያውቃል? አቤት ሲያረጋጋ! እኛን ደጋው ኮሶዬ ላይ ገጥሞናል። አጎቴ አያ ሙሉ የሚተነፍሱት በኦክስጅን ማሽን ስለነበር፣ ሶላር የሚተክል ሰው ከመተማ አስመጣን። በስስ ሸሚዝ ከች አለ።

ለመተማ ሙቀት እንደለመደው ብዙ ፓኔል በአንድ መስመር ሲቀጥል፣ «መመሪያው በብርድ ቮልቴጁ ይጨምራል ይላል» አልኩት።

«ፓኔል ሰው ነው እንዴ የሚበርደው? ችግር የለውም!»

እኔስ ምነው አመንኩት?

ውርጭ ባደረበት ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ ቮልቴጁ ከልክ አለፈ፤ የፓኔሉን ኃይል ለማሽኑ የሚቀይረው ኢንቨርተር ተቃጠለ፤ ማሽኑ ቆመ። አያ ሙሉን በማግስቱ ቀበርናቸው።

ባለሙያው ያንኑ ሸሚዝ ለብሶ ለቅሶ መጣ። ሲንቀጠቀጥ ያዩት የአጎቴ ባለቤት የአያ ሙሉን ጋቢ ደረቡለት።

«ምነው ልጄ፣ እዚህ እኮ ይበርዳል» አሉት።