በር ላይ የቆሙ ሁለት ደንቦች

እኛ አገር በር ላይ የሚባክነውን ጊዜ አስባችሁት ታውቃላችሁ? ሁለት ጨዋ ሰዎች አንድ ደጃፍ ላይ እኩል ከደረሱ አለቀላቸው። «ይግቡ» ይላል አንዱ። «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ!» ይላል ሌላው። «በሞቴ!» «በእመቤቴ!» ከኋላቸው ያለው ሰው ፀሐይ ላይ ይንቃቃል። ሁለቱም ምንም አላጠፉም፤ እንዲያውም ያሳደጓቸውን ሰዎች የሚያኮሩ ናቸው። ብቻ የገባ ሰው የለም።

እኔ የተወለድኩት ይህ ጨዋነት በሚበዛበት በሸዋ ነው። ድሬዳዋ የመጣሁት በደርግ ጊዜ፣ በኮምፒዩተር ምክንያት ነው። ልብ በሉ፣ የመጣሁት እኔ ነኝ፤ ኮምፒዩተሩ አልመጣም። መሥሪያ ቤቴ አንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ልኮ ካሠለጠነኝ በኋላ፣ ማሽኑ ከጅቡቲ በባቡር እስኪደርስ «ተዘጋጅተህ ጠብቅ» አለኝ። ጠበቅሁ። ባቡሩ ጨርቅ ይዞ መጣ፣ ሩዝ ይዞ መጣ፣ የሰው ዘመድ ይዞ መጣ። ማሽኑን የበላው ጅብ ግን አልጮኸም።

ከሥልጠናው የተረፈኝ ሥዕል ብቻ ነው። አንድን ሥራ ለማሽን ከመስጠታችሁ በፊት በሳጥንና በቀስት ትስሉታላችሁ፤ ከየት እንደሚጀመር፣ «አዎ» ከተባለ ወዴት፣ «የለም» ከተባለ ወዴት እንደሚኬድ። ቀስት የማይወጣው ሳጥን ካለ ሥራው እዚያ ይቀራል፤ ቀስቱ ዞሮ ወደ ተነሣበት ከተመለሰ ደግሞ ማሽኑ እስኪያረጅ ይሽከረከራል። ማሽን ስላልነበረኝ ያገኘሁትን ሁሉ ሳልኩ። ሻይ አፈላሌን ሳይቀር ስያለሁ። ምን ላድርግ፣ ብቸኝነት ነዋ! መጋላ በሚባል የከተማው ሰፈር ውስጥ በአንዲት የቀበሌ ክፍል ነበር የምኖረው፤ በዚያ ሰው በተጨናነቀበት ሰፈር ሰው የሌለኝ እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አዴ ፋጡማ ግን ነበረችኝ፣ ከግድግዳው ማዶ የምትኖር ጎረቤቴ፤ «አዴ» እዚያ እናት እንደማለት ነው። አመሻሽ ላይ ግድግዳውን ኳ ኳ ታደርግና «አለህ?» ትላለች። «አለሁ!» እላለሁ። ይኸው ነው ጨዋታችን። ቀኑን ሙሉ ማንም ባያናግረኝ፣ መኖሬን የሚያጣራ ሰው አለ ማለት ነው። «እርስዎ» ስላት ደግሞ ትቆጣለች፤ «አቦ አንቺ በለኝ! ወላሂ ታስረጀኛለህ።»

ያረጀው ዓይኗ ነበር። እየደከመ ሲመጣ ሳቢያን ሰፈር ወዳለችው ልጇ ወደ መርየም አጠገብ ልዛወር አለች። የኛ ቀበሌ «መሸኛ የምንሰጥሽ የምትገቢበትን ቤት ስታሳዪን ነው» አላት። የሳቢያኑ ቀበሌ «ቤት የምንሰጥሽ መሸኛ ስታመጪ ነው» አላት። በዚያ ሙቀት ከተማውን ለሁለት የሚከፍለውን ደረቅ ወንዝ እየተሻገረች ስትመላለስ ከረመች። አንድ ቀን መቃኑን እየዳበሰች መጥታ ደጃፌ ላይ ተቀመጠችና «ልጄን አይቼ ሳልጠግብ ዓይኔ ሊሄድ ነው» ብላ አለቀሰች። 

ሁለቱን ደንቦች ሳልኳቸው። ለየብቻቸው ሲታዩ እንከን የላቸውም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለችግር ይሄዳሉ። ጎን ለጎን አድርጌ ቀስቶቻቸውን ሳገናኝ ግን፣ ያውላችሁ! በር ላይ የቆሙ ሁለት ጨዋ ሰዎች። «ይቅደሙ።» «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

ሥዕሉን ይዤ ወደ ቀበሌያችን ሊቀመንበር ሄድኩ።

«የቧንቧ መስመር ነው?» አለኝ።

«የቀበሌያችን ደንብ ነው፣ ጓድ። ጣትዎን እዚህ ያድርጉና ቀስቱን ይከተሉ።»

ጣቱ ሳቢያን ደርሳ ተመለሰች። ደግማ ሄደች፣ ደግማ ተመለሰች። ግንባሩን ላብ ጀመረው። «መውጫው የታል?»

«የለውም።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ደንባችን ስህተት አለበት እያልክ ነው?» በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ መጠየቅ ምን እንደሚያመጣ የኖራችሁበት ታውቁታላችሁ። 

«ኧረ የለበትም! የኛም ትክክል ነው፣ የእነሱም ትክክል ነው። እርስ በርስ እየተጠባበቁ ነው የቆሙት። መሸኛውንና የቤቱን ቁልፍ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጊዜ ብትለዋወጡ ያልቃል።»

«ትክክል» መባሉን ወደደው መሰለኝ፣ እሺ አለ።

አዴ ፋጡማን ይዘን ሦስታችንም ሳቢያን ሄድን። የዚያኛው ቀበሌ ሊቀመንበር ደጅ ድረስ ወጥቶ ተቀበለን። ከዚያማ ሁለቱ በሩ ላይ እኩል ደረሱ። «ይግቡ ጓድ።» «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ፣ ጓድ!» እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አዴ ፋጡማ ግን «አቦ ግቡ! ዓይኔ እስኪጠፋ ነው የምትጠብቁት?» ብላ ሁለቱንም በትከሻዋ ገፍታ አስገባቻቸው። መሸኛው በአንድ በኩል፣ የቤቱ ቁልፍ በሌላ በኩል ጠረጴዛው ላይ ቦታ ተለዋወጡ።

ዕቃዋን ጋሪ ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ባዶ ክፍሏ ውስጥ ቆሜ የጋሪው ድምፅ ሲርቅ ነው ነገሩ የገባኝ። ለእሷ መውጫ ስፈልግ ለእኔ ሳጥን አልሳልኩም።

ኋላ መርየምን ገበያ አገኘኋት። «እማ ለምን አይመጣም ትላለች» አለችኝ። ይህ ደግሞ ጥያቄ እንጂ ጥሪ አይደለም። እኛ ሸዋ መጀመሪያ ጎረቤቱን የሚጠራው ቤት የቀየረው ሰው ነው፤ ሳይጠሩ የሰው ቤት ሰተት ብሎ መግባት ነውር ነው። አዴ ፋጡማ የድሬ ሰው ናት፤ ሰው ቤቷ ለመምጣት ጥሪ ይጠብቃል ብሎ የነገራት የለም። እሷ እስክመጣ ትጠብቃለች፣ እኔ እስክትጠራኝ እጠብቃለሁ። ይህን ለመሳል እርሳስ እንኳ አላስፈለገኝም። መፍትሔውንም አውቀዋለሁ፤ ያጣሁት የሚገፋኝ ትከሻ ነው።

ክፍሏ ለአንድ ሠራተኛ ተሰጠ። አንድ አመሻሽ አላስችል አለኝና ግድግዳውን ኳ ኳ አድርጌ «አለህ?» አልኩ።



«ማነው?» አለኝ ሠራተኛው ከማዶ።