ክቡር ቆጣቢና የኩሬው ውሃ

የሚባክን ነገር ሲያይ ሰላም የሚያጣ አንድ ሰው ከየትም ሰፈር አይጠፋም። በእኛ ሰፈር ይህ ሹመት የተሰጠው ለጎረቤቴ ለጡረተኛው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ከኋላቸው «ክቡር ቆጣቢ» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ጋሼ ናቸው። የተጣመመ ሚስማር ያቃናሉ፣ የሳሙና ስባሪ ከሳሙና ስባሪ ያጋባሉ። «የሚባክን ነገር የለም» ይላሉ፣ ዳኛ እንደሚፈርድ ረጋ ብለው።

በግቢያቸው የዓሣ ኩሬ አለ። ዓሦቹ የባለቤታቸው የእትዬ ናቸው። እትዬ እግራቸውን ከታመሙ ወዲህ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሰባቱን ቀያይ ዓሦች ሲያዩ ይውላሉ። ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ወደ ድንጋዩ ጫፍ ትገፋለች፤ ውሃው ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል፤ ዓሦቹ በዚያ ይተነፍሳሉ። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ክቡር ቆጣቢ ግን የታያቸው ብክነት ነው።

«ውሃው ቀኑን ሙሉ በነፃ ሲወድቅ ዝም ብለን እናያለን?»

በአሮጌ ብስክሌት ጎማ ዙሪያ ጣሳዎች አሰሩና ከሚወድቀው ውሃ ሥር ተከሉት፤ ዲናሞም ገጠሙለት። አንዲት አምፖል ጭል ጭል አለች። ሐሳባቸው ግን ከአምፖል ያልፋል፦ ኃይሉ ተመልሶ ፓምፗን ራሷን እንዲያዞር ነው።

እኔም ትምህርቴን ከመጻሕፍት የቃረምኩ ነኝና ደፈር አልኩ። «ጋሼ፣ ውሃው ፓምፗ ካበላችው በላይ አያጎርስም።»

«ይህን የጻፈው ሰው ኩሬ ነበረው?»

«ተወው ልጄ» አሉ እትዬ ከመስኮቱ። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።»

ይህ ሳያንስ፣ ውሃው በኃይል እንዲመታ ብለው የቱቦውን አፍ አጠበቡት። አምፖሏ ደመቀች፤ ወደ ኩሬው የሚወርደው ውሃ ግን እንደ ክር ቀጠነ። በማግስቱ ዓሦቹ አየር አጥሯቸው አፋቸውን እየከፈቱ ውሃው ላይ ተንሳፈፉ።

«አንዱ ቢሞትብኝ ይህን መስኮት እዘጋዋለሁ» አሉ እትዬ። ድምፃቸውን አልጨመሩም።

ክቡር ቆጣቢ ቱቦውን ወደ ነበረበት መለሱ፤ ዲናሞውንም ፈቱ። ጎማውን ግን አልጣሉትም። መቼ ጥለው ያውቃሉ?

ባለፈው ማክሰኞ መብራት ከጠዋት ጠፍቶ እስከ ቀትር አልመጣም። ፓምፗ ጸጥ አለች። ዓሦቹ ምን ሆነው ይሆን ብዬ ብቅ ስል፣ ክቡር ቆጣቢ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎማው ላይ እጀታ ገጥመው ያዞራሉ። ጣሳዎቹ ውሃውን እየዛቁ መልሰው ያፈሳሉ፣ ያንቦጫርቃሉ። ሸሚዛቸው በስብሷል።

«ስንት?» ይላሉ በየመሃሉ።

«ሰባት» ይላሉ እትዬ ከመስኮቱ፣ ቆጥረው።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ኃይሉን የሚያወጡት እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«ታዲያ የበላሁት ቁርስ ይባክን? አንተም በልተህ እንደሆነ ና ያዝ።»

በልቼ ነበር። እጅጌዬን ሰብስቤ እጀታውን ተቀበልኩ፤ በሆዴም ለእሳቸውም ለጎማውም ዕድሜ ለመንኩ።

«ሰባት» አሉ እትዬ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።